ትንሽ አሞታል

ከእናንተ መካከል ሞቶ የሚያውቅ ካለ ይመስክርልኝ፤ መሞት እንደሚወራለት የዕረፍት ሥራ አይደለም። እኔ ሞቼ አይቼዋለሁ። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ በሆሳዕና ከተማ የገበያ ቀን፣ አፍንጫዬ ውስጥ ጥጥ ተወትፎ። ጀርባ ያሳክካል፤ ማከክ የለም። ዝንብ ከንፈር ላይ ያርፋል፤ እፍ ማለት የለም። ዝንቡ ደግሞ ፊልም መሆኑን ማን ይንገረው!

ይህ ሁሉ የመጣብኝ መታየት አምሮኝ ነው። ሥራዬ ልስን ነው። አገሬ ዶዮገና፣ የምውለው ሆሳዕና። ከተማው ውስጥ ተደግፋችሁ ፎቶ ከተነሳችሁበት ግድግዳ ግማሹን የለሰንኩት እኔ ነኝ ብል ትንሽ ብቻ ነው የምዋሸው። ግን ማን ያውቀኛል? ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጠው ሌላ፣ ኬክ የሚበላው ሌላ። በነጋታው የረሳሁትን መዶሻ ልወስድ ስሄድ ዘበኛው እኔ የለሰንኩትን ግድግዳ ተደግፎ «ማንን ፈለግክ?» ይለኛል።

በፊልምማ የባሰ ነው። ታምሩ የሚባል የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ነው የምንኖረው፤ ከሥራ መልስ በስልኩ ፊልም እናያለን። በፊልም ውስጥ የቀን ሠራተኛ ያለው ሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ሲሚንቶ ተሸክሞ ከኋላ ያልፋል፣ ወይ ይሞታል። የሚሞተውም የሀብታሙ ልጅ አልቅሳ እንድታምር ነው። ሲሚንቶውን ተሸክሞ ደግሞ ያወራል እኮ! ስለ ፍቅር ያወራል! ሲሚንቶ የተሸከመ ሰው «ዞር በል» ከማለት ሌላ ምን ትንፋሽ ተርፎት? ታምሩ በንዴት ስልኩን ስንት ጊዜ ፍራሽ ላይ ወርውሯል።

እንዲህ ስንናደድ በከረምንበት ሰሞን ነው ፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ እኛ ወደምንሠራበት ሕንፃ የመጡት። ዳይሬክተሩ ጺሙን ያሳደገ፣ ሰው ሲያናግር ዓይኑን የሚጨፍን ልጅ ነው። ሁላችንንም ሰብስቦ «የወዛደሩን ሕይወት፣ እውነተኛውን ሕይወት ላሳይ ነው የመጣሁት» አለን። አጨበጨብን። ፎርማናችን ብቻ ሰዓቱን አየ።

ወዛደሩን የሚጫወተው አክተር መልከ መልካም ነበር፤ እጁ ግን የሕፃን እጅ ነው። ልስን እንዳስተምረው ታዘዝኩ። የመጀመሪያውን ሲሚንቶ ሲወረውር ግማሹ ጫማው ላይ፣ ግማሹ እኔ ላይ አረፈ። ግድግዳው ምንም አልነካውም። ዳይሬክተሩ ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብሎ «አንተ ሠራተኛ አትመስልም» አለኝ። ለካሜራው ብዬ ደህናውን ሸሚዜን አጥቤ ለብሼ ነበር፤ ልብስ ያዥዋ መጥታ ክርኑ ላይ ቀደደችልኝ። ያን ጊዜ ሠራተኛ መሰልኩ።

ታሪኩ እንግዲህ እንደምትገምቱት ነው፤ ወዛደሩ ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ ይሞታል። የለቅሶው ቀን ሲደርስ አክተሩ «እናቴ በሕይወት እያለች ሬሳ ሳጥን ውስጥ አልገባም» ብሎ እንቢ አለ። ልመና፣ ቁጣ፣ ምንም አልሠራም። ዳይሬክተሩ ዓይኑን ጨፍኖ አሰበና ሲገልጠው እኔን አየ። «አንተ በቁመት ትመሳሰላለህ። ካሜራው ራቅ ይላል፤ ፊትህ ዱቄት ይቀባል፤ ማንም አይለይህም።» ታምሩ ጆሮዬ ላይ «ተው፣ በዚህ አይቀለድም» አለኝ። እኔ ግን የዶዮገና ሰዎች ቁጭ ብለው በፊልም ሲያዩኝ እየታየኝ ነበር። ዳይሬክተሩ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ምን ያስፈራል? ፊልም ነው» አለኝ። ገባሁ።

እዚህ ላይ አባቴን ካላወቃችሁት ጭንቀቴ አይገባችሁም። አባቴ ገበሬ ነው፤ አንድ ዳማ ፈረስና አንድ ባርኔጣ አለው፤ ሁለቱንም ሰው እንዲነካበት አይወድም። በፈረሱ የተነሳ እኔና እሱ የማያልቅ ጸብ አለን። አንድ ጊዜ ለመስቀል በዓል ተቀምጬበት በሰው ፊት ጭቃ ውስጥ ገባሁ። እኔ «ፈረሱ ጣለኝ» እላለሁ፤ እሱ «ወደቅክ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ስንደዋወል ሰላምታው ካለቀ በኋላ ወሬያችን ይሄው ነው።

ከዚህ ሌላ አባቴ በአካባቢያችን የታወቀ መርዶ ነጋሪ ነው። ሰው ሲሞት ሽማግሌዎች «እሱን ጥሩልን» ይላሉ። እሱ ይሄዳል፤ ይቀመጣል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል። ከዚያ «ልጅህ እኮ ትንሽ አሞታል» ይላል። ቆየት ብሎ «ጠንከር ብሎበታል» ይላል። ቆየት ብሎ «ሐኪም ቤት ገብቷል።» በመጨረሻ ምንም አይናገርም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ባርኔጣው ከወረደ አለቀ፤ ሰውየው ያውቃል። ስንት ሰው በአባቴ እጅ ቀስ ብሎ ወርዷል፤ አንድም ሰው ተፈጥፍጦ አያውቅም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አባቴን ራሱን ልቡን አሞት ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። ሲወጣ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ድንጋጤ እንዳይነካው፤ አደራ» አለኝ። አደራውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ሳጥን ውስጥ የተኛሁትም እኔ ነኝ።

ድንኳኑን የት ቢተክሉት ጥሩ ነው? መንገድ ዳር። በገበያ ቀን። ሳጥኑንም ክፍት አደረጉት፤ እኛ ዘንድ እንደዚያ አይደረግም፣ ግን ዳይሬክተሩ «ተመልካች ፊት ማየት አለበት» አለ። ሜካፕ ሠሪዋ በነጭ ነገር ለሰነችኝ፤ ግንባሬ ላይም ደም አደረገችልኝ። ዕድሜ ልኬን ስለስን ኖሬ የዚያን ቀን እኔ ተለሰንኩ። አልቃሾቹ የሥራ ጓደኞቼ ናቸው። «አክሽን!» ሲባል ታምሩ ያየኛል፣ ያፍናል፣ ይፈነዳል፤ እሱ ሲስቅ ሁሉም ይስቃል። ዳይሬክተሩ ጺሙን ነጨ። «ጓደኛችሁ ሞቷል እኮ! ሰው አይደላችሁም?»

በዚህ መሀል ከሌሞ ገጠር የመጣች አንዲት ሴት ቆጮ ተሸክማ ወደ ገበያ ስታልፍ ድንኳኑን አየች። በእኛ አገር የለቅሶ ድንኳን አይታለፍም። መጀመሪያ ታለቅሳለህ፤ ማን እንደሞተ ቀስ ብለህ ትጠይቃለህ። ሴትዮዋ ሸክሟን መሬት ጣል አድርጋ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ በሀዲይኛ አንድ ጊዜ ስትጮህ የታምሩ ሳቅ ጉሮሮው ላይ ቀረ። ከኋላዋ ሌሎች መጡ። ጋሪዎች ቆሙ። ዶሮ የያዘው ከነዶሮው ገባ። ድንኳኑ ሞላ። እኔን የማያውቅ ሰው ለእኔ ደረቱን ሲመታ ስሰማ እንባዬ መጣ።

«ሬሳው እያለቀሰ ነው! አቁሙ!» ብሎ ዳይሬክተሩ ጮኸ። ለቀስተኛው ግን ማንን ይሰማል? ለቅሶ በአቁሙ አይቆምም። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ካሜራውን እንደገና አስነሳና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ለቅሶ በሕይወቴ አላገኝም። ብትንቀሳቀስ እገድልሃለሁ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው አንድ የማውቀው ድምፅ የሰማሁት። ጋሼ ኤርጫፎ ናቸው። ዶዮገና ውስጥ አጥር ብቻ ነው ከአባቴ የሚለያቸው፤ ድንች ሊሸጡ መጥተው ነው። ሳጥኑ ጋ ደርሰው ፊቴን አዩ። ከዚያ «ውይ! የእኔ ልጅ! አባትህ ምን ይሁን?» ብለው ደረታቸውን ደቁ። በሽፋሽፍቴ ሥር ሳያቸው ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡ፣ እየተንገዳገዱ ከድንኳኑ ወጡ።

ሰው እንዴት እንዲህ ይደነቁራል? አባቴን የሚገድለው ስልክ ሊደወል ነው፤ እኔ «ቀረጻው ይበላሽ ይሆን?» ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሰብኩ። ከዚያ ነፍሴ ተመለሰችና ከሳጥኑ ብድግ አልኩ። «ጋሼ ኤርጫፎ!»

አለመነሳት ነበረብኝ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «በኢየሱስ ስም!» ብሎ በረገገ። ድንኳኑ ካሜራው ላይ ወደቀ፤ ዶሮዋ አመለጠች፤ ጋሪ ፈረሶች ባለቤቶቻቸውን ጥለው ሄዱ። ካልሸሹት አንዷ ያቺ የሌሞ ሴት ናት። ቀረብ ብላ አየችኝ፤ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ «አንተ ቀልማዳ! እንባዬን መልስ!» ብላ በጃንጥላዋ ጀርባዬን አቀመሰችኝ። ከዚያ ወጥቼ ጋሼ ኤርጫፎን ብፈልጋቸው የሉም።

ስልኬ! ስልኬ ልብስ ያዥዋ ጋ ነው፤ ልብስ ያዥዋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች፤ ቦርሳዋ መኪና ውስጥ ነው፤ መኪናው ምሳ ሊያመጣ ሄዷል። ታምሩ የራሱን ሰጠኝ። ተቀበልኩና ቆምኩ። የአባቴን ቁጥር አላውቀውም። አባቴ ለእኔ «አባዬ» የሚል ጽሑፍ ነው፤ ስነካው ይጠራል፤ ከጀርባው ቁጥር እንዳለ አስቤም አላውቅ። መኪናውን ስጠብቅ ፊቴን ልታጠብ ሞከርኩ። ሜካፕ ሠሪዋ «በውሃ አይለቅም፤ ጥሩ ዕቃ ነው» አለችኝ በኩራት። ዳይሬክተሩ ደግሞ ከድንኳኑ ሥር ካሜራውን እየጎተተ «ምን ሆነሃል? ፊልም ነው እኮ» ይለኛል። በአፍንጫዬ የቀረውን ጥጥ አውጥቼ ወረወርኩበት።

መኪናው መጣ። ስልኬን ነጥቄ ደወልኩ። ያነሳው አባቴ አይደለም፤ ጋሼ ደጀኔ ናቸው፣ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ። እኛ ዘንድ የሰውን ስልክ ሽማግሌ ካነሳው ባለቤቱ መርዶ እየተጠበቀለት ነው ማለት ነው፤ ማንም በድንገት እንዳያረዳው መጀመሪያ ስልኩን ነው የሚወስዱበት።

«ጋሼ ደጀኔ፣ እኔ ነኝ! አልሞትኩም!»

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ማር ነው። «በርታ።»

«ኧረ እኔው ራሴ ነኝ! ደህና ነኝ!»

«አዎ፣ ደህና ነው። እኛም እንዲያው ነው ያልነው፤ ትንሽ አሞታል ብለን ይዘነው እየመጣን ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ ነን።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ድምፅህ ከወንድምህ ጋር አንድ ነው፤ አንጀቴን በላኸው። ለአባትህ እንዳትደውል፤ በእሱ ድምፅ ቢሰማህ ይሞትብናል» ብለው ዘጉት። አርባ ምንጭ ያለው ታናሽ ወንድሜ መስዬአቸዋለሁ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሱም።

የፎርማኑን ሞተር ሳይክል ታምሩ ነዳው፤ እኔ ከኋላ ተፈናጠጥኩ። ፎርማኑ «የት ነው?» ሲል «ከሞት ተነስቼ አባቴን ላድን ነው» አልኩት። ፊቴን አይቶ መንገድ ለቀቀልን። የዶዮገናን መንገድ ይዘን ወጣን። ካፊያ ጀመረ። እንሰቱ ግራና ቀኝ ይሸሻል፤ በሆዴ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ የውሸት ሬሳ ሆኜ እውነተኛ ሬሳ ላመጣ ነው። የሐኪሙ «አደራ» ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። የምንቀርባቸው ባለ ጋሪዎች አንድ ጊዜ አይተውኝ ወደ ቦዩ ይገባሉ።

ከፊታችን ሚኒባሷ ስትመጣ ጋሼ ደጀኔን ከሹፌሩ ጎን አየኋቸው። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ከኋላቸው ያለው አባቴ ያንን ባርኔጣ አይቶታል ማለት ነው። እጄን እያወናጨፍኩ «ቁም! ቁም!» አልኩ። አንድ ፊቱ ነጭ፣ ግንባሩ ደም የሆነ ሰው በዝናብ ውስጥ ቁም ቢላችሁ ትቆማላችሁ? ሹፌሩም አልቆመም። «በኢየሱስ ስም!» የሚለው ጩኸቱ በመስኮት ወጣ፤ ነዳጁን ረገጠው፤ በአጠገባችን ተወርውሮ አለፈ። ታምሩ ሞተሩን አዞረና ተከተልነው። ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች አባቴ እንዳያይ መጋረጃውን ዘጉት።

«ደውል!» ይላል ታምሩ። «አያነሱም!» «ደውል አልኩህ!» ደወልኩ። ውስጥ ግርግር ሰማሁ፤ ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ። ስልኩን ከጋሼ ደጀኔ እጅ ነጥቋል።

«ማነህ?»

ያን ጊዜ አንድ የማይረባ ነገር ተናገርኩ። ድምፁን ስሰማ «አባዬ፣ ደህና ነኝ። አታስብ። ምንም አልሆንኩም። አባዬ፣ እወድሃለሁ» አልኩት። እንዲህ ብዬው አላውቅም። ማንም በአካባቢያችን አባቱን እንዲህ ብሎ አያውቅም። በስልኩ ውስጥ ሞተሩ ብቻ ይሰማል። በመጨረሻ አባቴ በቀስታ፣ ለእኔ ሳይሆን አጠገቡ ላሉት «ደህና ነው ይሉኛል። ይሄንን እኔ ነኝ ያስተማርኳችሁ። ልጄ ሞቷል» አለ። ስልኩ ተዘጋ።

ያ ድምፅ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። አባቴ እየወረደ ነው፤ ማንም በደረጃ እያወረደው አይደለም። የምለው መልካም ነገር ሁሉ ሞቴን ያረጋግጥለታል። ለሐዘንተኛ ሁሉም ሰው መልካም ነው የሚናገረው፤ «አይዞህ» ይሉታል፣ «ደህና ነው» ይሉታል፣ እንወድሃለን ይሉታል። ታዲያ ለሐዘንተኛ የማይባል ነገር ምንድን ነው?

እንደገና ደወልኩ። እሱው አነሳው። ፋታ አልሰጠሁትም። «አንተ ሽማግሌ! ያ ዳማህ ፈረስ አይደለም፣ አህያ ነው! ጣለኝ እንጂ አልወደቅኩም!»

ታምሩ እንኳ ሞተሩን ቀነስ አደረገ። ከዚያ ጆሮዬ እስኪቃጠል «ዳማው አይጥልም!» አለ አባቴ። «ዳማው ሰው ጥሎ አያውቅም! አንተ ነህ መቀመጥ የማታውቅ! አንተ...» ቀሪው በከምባትኛ ነው፤ አማርኛ አይችለውም። ስድቡ መሀል ላይ ደረሰና ቀጥ አለ። ሲተነፍስ ይሰማኛል። «ሹፌር» አለ። «አቁም! ልጄ ነው! አቁም አልኩህ!»

ሚኒባሷ መንገድ ዳር ቆመች። አባቴ በዱላው ተደግፎ ወረደ፤ ባርኔጣው በእጁ ነው። እኔም ከሞተሩ ዘልዬ ወረድኩ። ፊቴን አየ፤ ደሙን አየ፤ የተቀደደ ሸሚዜን አየ። ዱላውን አንስቶ ቅልጥሜን አቀመሰኝ።

«ያማል?»

«ኧረ ያማል፣ አባዬ!»

«እሰይ» አለ። ከዚያ ሚኒባሷን ተደግፎ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እናቴ ስትሞት እንኳ ሰውን ሲያጽናና ነው የዋለው። ደረቱን በእጁ ይዞ ሲያለቅስ እኔ ልቡን ነው የምሰማው፤ አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል እያልኩ። አልቆመም። ጋሼ ደጀኔ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሹፌሩ ብቻ ከመኪናው አልወርድም አለ፤ እኔ ከተሳፈርኩም አልነዳም ብሎ ማለ፤ እስከ ሆሳዕና ከኋላ በሞተር ተከተልኳቸው።

ስንደርስ ድንኳኑ እንደገና ተተክሎ ሰው አጥለቅልቆታል። ጋሼ ኤርጫፎ ለአገሩ ሁሉ ደውለው ነበር። ዳይሬክተሩ ድምፁ እስኪዘጋ «ፊልም ነው! ማንም አልሞተም!» ይላል፤ ማንም አያምነውም፤ እንዲያውም «ምስኪን፣ ደንግጦ ነው» እያሉ ውሃ ይሰጡታል። አባቴ ይህን ሲያይ ሰው እንዳያየኝ ከሚኒባሷ ኋላ አቆመኝና ዱላውን አቀበለኝ። «የተሰበሰበ ሕዝብ ሳይነገረው አይበተንም» ብሎ ወደ መሀል ገባ። ሰው ሁሉ ተነሳለት። ባርኔጣው አሁንም በእጁ ነው።

«ወገኖቼ» አለ። «እንግዲህ... ልጄን ትንሽ ተሽሎታል።»

ሰው አንገቱን ደፋ። አንዳንዱ ይብስ ተንሰቀሰቀ።

ቆየት ብሎ ቀጠለ። «ከሰዓት በኋላ ቀና ብሎ ተቀምጧል።»

ጋሼ ኤርጫፎ ቀና አሉ።

«እህል አምሮታል። አሁን በእግሩ ቆሟል። ሲመቱትም ያመዋል።» ከዚያ ምንም አልተናገረም። ባርኔጣውን በሁለት እጁ አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ አደረገው።

ከዚያ ያቺ የሌሞ ሴት፣ ቆጮዋን ሸጣ ተመልሳ ነበር ለካ፣ እልል አለች፤ ድንኳኑም አብሯት ቀለጠ። ጋሼ ኤርጫፎ አንገቴ ላይ ተጠምጥመው በአንድ ጊዜ ይስሙኛል፣ ይረግሙኛል። ዳይሬክተሩ እያለቀሰ መጣ። «ፋዘር፣ ካሜራው አልበራም ነበር እኮ! እባክዎ አንዴ ይድገሙልን!» አባቴ ከላይ እስከ ታች አየውና «መርዶ አይደገምም» አለው።

ፊልሙ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወጥቶ ሆሳዕና ውስጥ በአዳራሽ ሲታይ አባቴን ይዤው ገባሁ። አክተሩ መወጣጫ ላይ ቆሞ ስለ ፍትሕ ረጅም ንግግር ያደርጋል። አባቴ ጎኔን ጎሰም አድርጎ «ይሄ ሰውዬ ግድግዳውን መቼ ነው የሚጨርሰው?» አለኝ። የእኔ ለቅሶ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ሬሳ የሚያለቅስበትን ፊልም ማን ያያል? የቀረው ከሳጥኑ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ እጅ ብቻ ነው፤ ሲሚንቶ የበላው፣ አውራ ጣቱ የተሰነጠቀ። ማንም ልብ አላለውም። አባቴ ግን በጨለማው ውስጥ እጄን ፈልጎ ያዘው፤ ፊልሙ እስኪያልቅም አለቀቀውም።

እኔ በዚህ አለቀ ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መወጣጫ ላይ ሆኜ እለስናለሁ፤ ስልኬ ጠራ። አባዬ። ስለ ዳማው ስድብ አዘጋጅቼ አነሳሁት።

«ልጄ» አለኝ በለስላሳ ድምፅ። ልጄ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። «ደህና ነኝ። አታስብ። ትንሽ ብቻ አሞኛል።» ተዘጋ።

መልሼ ብደውል ጋሼ ደጀኔ ናቸው። «አይዞህ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ማር ነው።

የልስን ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። እንዴት እንደወረድኩ፣ በምን እንደሄድኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ሰዎች ስለ ድንች ሲያወሩ እንዴት ሰው ስለ ድንች ያወራል እያልኩ እንደተቃጠልኩ ብቻ አስታውሳለሁ። ዶዮገና ወርጄ ሮጥኩ። ግቢያችን ጋ ስደርስ ቆምኩ። የአባቴ ባርኔጣ በአጥሩ እንጨት ላይ ተሰቅሏል። ወርዷል።

አጥሩን ይዤ፣ እንሰቱን አልፌ ወደ ጓሮ ሄድኩ። አባቴ ባዶ ራሱን ቆሞ ዳማውን በጨርቅ ያሻሻል። ዞር ብሎ አየኝ። በሲሚንቶ የተለወሰ ጫማዬን አየ፤ እንባዬን አየ፤ እስክተነፍስ ጠበቀኝ።

«ያማል?» አለኝ።

ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅኩለት። በአጠገቤ አለፈ፤ ባርኔጣውን ከአጥሩ ላይ አነሳ፤ አቧራውን አራገፈ፤ ጭንቅላቱ ላይ አስተካክሎ አደረገው።

«አይዞህ» አለኝ። «ፊልም ነው።»